የወይራው ሥር ምግብ ቤት

ሃምቡርግ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለእትዬ አሰለች፣

የላስታ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ጋሽ ቢተውስ፣ ድንጋይ ማንሳቱ ወገባቸውን ተወት አደረጋቸው? ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሁለታችሁንም በጤና ያግኛችሁ። እኔ ያው የከተማ አውቶቡሴን እየነዳሁ እውላለሁ፤ እማዬ በመስኮት ዝናብ ታያለች።

በስልክ ስደውልልዎ «ደኅና፣ ደኅና» ብለው ይዘጉብኛል። እማዬ ናት «አሰለች ስልክ ላይ አፍ የላትም፣ ጻፊላት» ያለችኝ። ስለዚህ ይህን በእጄ ጽፌ ፎቶውን በጎረቤትዎ በዙልፋ ስልክ ልኬዋለሁ። እርስዎም እንዲሁ ያድርጉልኝ።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ከጥምቀት በኋላ እማዬን ይዤ ላሊበላ ልመጣ ነው! ፈቃድ ወስጃለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ። የሚያሳስበኝ ምግቡ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ስንመጣ የሆነውን ያስታውሳሉ? አስጎብኚው ከሆቴል ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሆቴል ሲያመላልሰን፣ እማዬ፣ ያቺ የላስታ፣ የኩልመስክ ልጅ፣ ላሊበላ ድረስ መጥታ ማካሮኒ በልታ ተመለሰች። አሁንም ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። የሚወደሰው ሁሉ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያዩበት ሆቴል ነው። ፀሐይዋን ማን ይበላታል?

የከተማው ሰው ራሱ የሚበላበትን ቤት ይፈልጉልኝ። ሰምተው ሳይሆን ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ቀምሰው። ለመቅመሻ የሚሆን ገንዘብ በዙልፋ ሱቅ በኩል ልኬያለሁ። ከሩቅም ቢሆን እዚያ ዘመድ የምንለው እርስዎን ነው፤ የአያቶቻችሁ ወንድማማችነት ይኸው እስከ እኔ ደርሶ ያስቸግርዎታል።

አክባሪዎ ሰብሌ

*

ላሊበላ
ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰብሌ፣

የላስታ ታቦታት መንገድሽን ያቅኑልሽ። የእናትሽን፣ የእትዬ ባንቺዓለምን፣ ጉልበት ሳሚልኝ።

የዘገየሁት ኔትወርክ ጠፍቶ ስለከረመ ነው። ባለፈው ሳምንት ሲመለስ ዙልፋ የሱቋን መዝጊያ ገርበብ አድርጋ፣ ፊደሉን በጣቷ እያሰፋች ደብዳቤሽን አሳየችኝ። «ልመጣ ነው» የሚለው ላይ ስደርስ ጮህሁ። እኔ፣ ጮህሁ! ዙልፋ «ማን ሞተ?» ብላ ደነገጠች። ያን ጊዜ መኪናው አጣድፏችሁ ቤቴ ሳትገቡ መሄዳችሁ እስከ ዛሬ ይቆጨኝ ነበር።

ግን ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ጉድ ነው። እዚህ ተወልጄ እዚህ ስኖር ምግብ ቤት ገብቼ አላውቅም። ፈትሌን ይዤ ወደ ቅዳሜ ገበያ ስወርድ በበራቸው አልፋለሁ። ሽታቸውን አውቃለሁ። ሰሌዳቸውን አነባለሁ፤ ፊደል የለየሁትም በእነሱ ሰሌዳና በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ነው። መቀመጥ ግን የመንገደኛና የወንድ ነው። ለቢተው ስነግረው ሳቀብኝ። «ሰው ምን ይላል? ቢተው ሚስቱን አስርቧት ምግብ ቤት ለምኖ ያበላታል ይላል» አለ።

ቢሆንም ሄድሁ። ብቻዬን አልደፈርሁም፣ ዙልፋን ይዤ ነው። እሷ እስላም ስለሆነች የእኛን ሥጋ አትበላም፤ ዓርብን ራሷ መረጠች። «በጾም ቀን ያንቺም የእኔም ገበታ አንድ ነው» አለችኝ። አዲሱን ነጠላዬን ለበስሁ። ልቤ እንደ ሙሽራ ይመታል።

መጀመሪያ የሄድነው አንቺ ካልሽው ከገደሉ አፋፍ ነው። አስተናጋጁ፣ ይታገሱ የሚሉት መልከ መልካም ልጅ፣ የያዝሁትን ዘንቢል አይቶ፦

«እማማ፣ ፈትል ከሆነ በጓሮ በር ነው» አለኝ።

ልመለስ ዞርሁ። ዙልፋ ክንዴን ያዘችኝ።

«በጓሮ የሚበላ ሰው አለ? በል ወንበር ሳብልን!»

ተቀመጥን። ከጎናችን ያሉት እንግዶች ፀሐይዋን ፎቶ ያነሳሉ። ሽሮ መጣ። ልጄ፣ ሽሮው ምንም አይልም። በርበሬ የለው፣ ነጭ ሽንኩርት የለው፣ ዝም ብሎ የሞቀ ነገር ነው። ዙልፋ ልጁን ጠራችው።

«በርበሬው የት ሄደ?»

«እንግዳ እንዳያቃጥል ብለን ነው።»

«እኛስ?»

«እናንተማ» አለ፣ ግራ ገብቶት፤ «እናንተ እቤታችሁ ትበላላችሁ።»

እዚያው ቆሞ ያየናል። እሱ ሲያየኝ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ በውኃ ነው የገፋሁት። ስንወጣ ግን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ዙልፋ «የሚቀጥለው ዓርብ የት ነው?» ትለኛለች። አይዞሽ፣ ሆቴሉን ከመዝገብሽ ሰርዢው፤ ሌላ አገኛለሁ።

እትዬ ባንቺ ምን ይወዳሉ? አበላላቸውስ እንዴት ነው? «ዝናብ ታያለች» ብለሽ ብቻ አለፍሽ።

እናትሽ አሰለች

*

ሃምቡርግ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለች፣

ደብዳቤዎ እጄ ሲገባ አውቶቡሱን ፌርማታ ላይ አቁሜ ነበር፤ «በጓሮ የሚበላ ሰው አለ?» የሚለውን ሳነብ መነሻ ሰዓቴ አለፈ። ተሳፋሪዎቹ ብቻዋን የምትስቅ ሹፌር አይተው ተያዩ። ለዙልፋ ሰላምታዬን ይንገሩልኝ፤ ስመጣ ከእሷ ጋር ካልበላሁ አልመለስም።

አሁን ፍለጋውን ትንሽ ላጥብብልዎ። የሚያቃጥል፣ የሚኮመጥጥ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ነገር የሚሠሩበት ቤት ይፈልጉልኝ። ለስለስ ያለው አይሆንም። ገንዘብ አንሶ ከሆነ ይንገሩኝ፣ ነገ እልካለሁ።

እማዬ ደኅና ናት።

ሰብሌ

*

ላሊበላ
ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰብሌ፣

እመቤታችን ከዚያ ከባዕድ አገር መኪናና ብርድ ትጠብቅሽ። ገንዘቡ ይበቃል፣ ተርፏልም፤ ሌላ እንዳትልኪ።

አገኘን! እትዬ ባንቺ የሚወዱት ይህ ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ግን አገኘን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የነቢያት ጾም ስለገባ ዙልፋ ደስ ብሏታል፤ በየቀኑ የጾም ምግብ ነው፣ ዓርብ መጠበቅ ቀረ። ግን በስድስት ሰዓት የሄድንበት ሁሉ ምድጃው ቀዝቃዛ ነው። ለካ ቅዳሴ ሳይወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ማን ይበላል? እኔ እቤቴ የማውቀውን ነገር ምግብ ቤት ላይ ረሳሁት። እንግዶቹ እኩለ ቀን ላይ መጥተው በሩ ዝግ ሲሆንባቸው ወደ ሆቴላቸው ይመለሳሉ፤ የእኛን ምግብ የማያገኙት አንዱ ሰዓቱን ባለማወቅ ነው። ይህን ጻፊው።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። አስጎብኚዎቹ እንግዶቻቸውን ሆቴል አስገብተው ሲወጡ እነሱስ የት ይበላሉ? ለዙልፋ ስነግራት ሱቋን ቆለፈች። ዘጠኝ ሰዓት ሲል ከሆቴሉ የወጡ ሁለት ሰዎችን ከኋላ ከኋላ ተከተልናቸው። በመናኸሪያው ጀርባ፣ ጎማ በሚለጠፍበት በኩል ሲወርዱ አንደኛው ዞር አለና፦

«እትዬ፣ የጠፋባችሁ ነገር አለ?» አለን።

«አዎ፣ ምሳችን!» አለችው ዙልፋ።

ሳቁና ይዘውን ገቡ። ሰሌዳ የለው፣ ስም የለው፤ አንድ ክፍል ነው። ወርቅአገኘሁ የምትባል ሴት ሽሮውን በሸክላ ድስት እንደተንተከተከ ይዛው ትመጣለች፣ አስቀምጣው ስትሄድም ይፈላል። የሱፍ ፍትፍት አላት። አዚፋዋ ቃሪያውም ሰናፍጩም ይሰማል። ሹፌሩም አስጎብኚውም በአንድ ትሪ ላይ ናቸው፣ የሚያወራ የለም። እኔም በላሁ። ልጄ፣ ያላቡካሁትን፣ ያልጋገርሁትን፣ ሰው ሠርቶ ያቀረበልኝን ቁጭ ብዬ መብላት እንዲህ ነው እንዴ? ከእጄ ላይ ጣቶቼን ልበላቸው ነበር። ማታ ቢተው «ዛሬስ ምን በላሽ?» ሲለኝ እየዘረዘርሁ ነገርሁት፤ በማግስቱ እሱም አብሮን ሄደ።

ሌላም ሁለት ቤት አለኝ፣ ስትመጪ በእግር እወስድሻለሁ።

አሁን ግን ልጠይቅሽ። «እማዬ ደኅና ናት» ብለሽ በአንድ ቃል ዘጋሽው። በአንድ ቃል የምዘጋ እኔ ነበርሁ፤ አንቺ አልነበርሽም።

አሰለች

*

ሃምቡርግ
ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለች፣

ዝም ያልኩት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላጣሁ ነው። ደብዳቤዎን ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። «ምሳችን!» የሚለው ላይ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

እማዬ ባለፈው ዓመት ታማ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በሽታው ወጥቷል። ሐኪሞቹ «ድናለች፣ ብቻ ትብላ» ይላሉ። መድኃኒቱ ግን ምላሷን ይዞት ሄደ፤ ምንም ነገር አይጣፍጣትም። ዶሮ ሠራሁላት፣ «አመድ ነው» አለች። ሾርባ፣ «አመድ»። ሰውነቷ አልቆ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ በክር አስረነዋል። ከሥራ ስመለስ አጠገቧ ቁጭ ብዬ በማንኪያ እለምናታለሁ፤ እኔን ደስ ለማሰኘት ሁለቴ ትውጥና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። እንዲህ ከቀጠለች ዳነች የሚባለው ነገር ለእኔ ትርጉም የለውም።

አንድ ቀን ግን ሳልጠይቃት ተናገረች። ልጅ ሳለች አባቷ ከኩልመስክ በእግር ይዟት ላሊበላ ይመጣ ነበር። ሁልጊዜ በጥር ነው፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ። ከቅዳሜ ገበያው በታች አንድ ምግብ ቤት ነበር ትላለች፤ ክብ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤት፣ ግቢው ውስጥ ትልቅ ወይራ። ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች ሴት የገብስ እንጀራ ላይ ስልጆ፣ ያን የኮመጠጠ የባቄላ ወጥ፣ ታወጣለች። ሰው ጢም ብሎ ይበላል። አባቷ ተሸክሞት የመጣውን ባቄላ ለሴትየዋ ይሰጥና ይቀመጣሉ፤ ሒሳቡ ያ ነበር። «ያ ስልጆ በአፍንጫዬ አስለቀሰኝ» አለችኝ። «እሱን ባገኝ እበላለሁ።»

እበላለሁ ያለችው ይህን ብቻ ነው። እትዬ፣ ሌላውን ሁሉ ይተዉት። ያን ምግብ ቤት ይፈልጉልኝ። ሴትየዋ ባትኖር እንኳ ልጆቿ ይዘውት ይሆናል። ቀብድ ከፈለጉ በስንትም ቢሆን እልካለሁ።

ሰብሌ

*

ላሊበላ
ታኅሣሥ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሰብሌ፣

መድኃኔዓለም የጀመረውን ይፈጽምልሽ። ከተማው በገና እንግዳ ተጥለቅልቋል፤ እኛም ቤት ከደላንታ በእግራቸው የመጡ ተሳላሚዎች አሉ፣ እግራቸውን አጥበን ንፍሮ አቀረብንላቸው። እነሱ ሲያንቀላፉ ነው የምጽፍልሽ። ብዙ አለኝ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ደብዳቤሽን እንዳነበብሁ ሽማግሌ የተባለን ሁሉ ጠየቅሁ። እኔ! በመንገድ ሰው አስቁሜ! «ከወይራ ሥር የነበረ ምግብ ቤት» ስል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በዚያ ዘመን ላሊበላ ውስጥ ምን ምግብ ቤት ነበር ይሉኛል። ወደ ተስፋ መቁረጡ ደርሼ ሳለሁ ዙልፋ «ወይራ ያለበት ክብ ቤት የበቅሎው ሰውዬ የደግሰው ነው እኮ» አለችኝ። ደግሰው እንግዶችን በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም የሚያወጣ ሽማግሌ ነው። ሮጥን። ኮርቻ ሲያጠብቅ አገኘነው።

«አባባ፣ እናትዎ እዚህ ምግብ ቤት ነበራቸው አሉ» አልሁት።

እጁ ቆመ። «ምን አልሽ?»

«ምግብ ቤት። ባቄላ እየተቀበሉ የሚያበሉ።»

«እናቴ? ወለተ ሐና? እናቴ እንጀራ ሸጠች ያለሽ ማን ነው? ስሙን ንገሪኝ! ማን ነው የሚያዋርዳት?»

በቅሎዋ ደንግጣ ወደ ዙልፋ ተገተረች። «ኧረ ቀስ!» አለችው ዙልፋ፤ «ይቺ ሴትዮ በዓመት አንዴ ነው የምትናገረው፤ ተናገረች ብለህ ልትገድላት ነው?»

የእትዬ ባንቺን ነገር ከአባታቸው ጀምሬ አንድ በአንድ ነገርሁት።  ሰምቶ ሲጨርስ ኮርቻው ላይ ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ዝክር ነው እኮ!» አለ። «የጥር ማርያም! እናቴ በየዓመቱ ጥር ሃያ አንድ ዝክር ነበራት። ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን መንገደኛ በር ላይ ቆማ ‹በማርያም ግቡ› እያለች ትጎትተዋለች። ሕፃኗ ሰው ሞልቶ ሲበላ አይታ ምግብ ቤት መስሏታል! የኩልመስኮቹን ባቄላ አስታውሳለሁ፤ የዝክሩ እርዳታ ነበር እንጂ ዋጋ አይደለም። እናቴ አንድ ቀን እንጀራ አልሸጠችም።»

ልጄ፣ ገባሽ? የምንፈልገው ምግብ ቤት አልነበረም። የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ለዚህ ነው በየሆቴሉ ያጣሁት።

«አሁንስ ዝክሩ?» አልሁት።

«እሷ ካረፈች ወዲህ ቀረ። ጽዋው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኔ በቅሎ እንጂ ወጥ አላውቅ።»

«እኔ አነሣዋለሁ» አልሁ።

ሳላስበው ከአፌ ወጣ።  ደግሰው ወደ ፎቁ ወጥቶ ጽዋውን አምጥቶ፣ በጋቢው አቧራውን ጠርጎ ሰጠኝ። እያለቀስሁ እቤቴ ስደርስ ቢተው «ሴትዮ፣ ዕድሜሽን ሙሉ ዝም ብለሽ ኖረሽ አሁን ምን ነካሽ?» አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ምድጃ የሚሆን ድንጋይ ይፈልግ ጀመር። የዘንድሮው ጥር ሃያ አንድ ረቡዕ ነው፣ የጾም ቀን፤ ስልጆው ይሆናል፣ ዙልፋም ትበላለች።

የወለተ ሐናን የስልጆ አሠራር ደግሰውን ጠየቅሁት። የሚያስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቀምሳ ካላስነጠሳት ሰናፍጭ ትጨምር ነበር። የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ፤ የባቄላው ዱቄት፣ የሱፉ ውኃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳሙ፣ ታሽጎ መኮምጠጡ።

አሁን አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቀየሚኝ። እትዬ ባንቺ አጠገብ ቁጭ ብለሽ አፍ አፋቸውን አትዪ። እኔ በዚያ ሆቴል አስተናጋጁ ቆሞ ሲያየኝ እንጀራው አልወርድ አለኝ፤ እኔ ጤነኛዋ። ዝክር ላይ ማንም ማንንም አያይም፣ የሁሉም እጅ ሥራ ይዟል። ለእሳቸው ብለን ያሰናዳነው እንደሆነም አትንገሪያቸው። የማርያም ነው።

እናትሽ አሰለች

*

ሃምቡርግ
ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ አሰለች፣

ልብሳችንን ሻንጣ ውስጥ እያስገባሁ ነው። ለእማዬ «የጥር ማርያም ዝክር ተጠርተናል» ብቻ አልኳት። «የማን?» አለች። «የእትዬ አሰለች» አልኩ።

እፈራለሁ። ይህን ሁሉ ደክመው እማዬ አንዴ ቀምሳ «አመድ ነው» ብትልስ? ከዚያ በኋላ የምጠይቃት ነገር የለኝም። ለዝግጅቱ ስንት ልላክ? እባክዎ እምቢ አይበሉኝ። ደግሞስ አለማየት እንዴት እችላለሁ?

ሰብሌ

*

ላሊበላ
ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንኳን ለከተራው በሰላም አደረሰሽ። አጭር ነው፤ እጄ ሊጥ ነው።

ገንዘብሽን አስቀምጪው። እጄ ባዶ አይሁን ካልሽ፣ ከቅዳሜ ገበያ አንድ ቁና ባቄላ ገዝታችሁ እሳቸው ራሳቸው ይዘው ይግቡ፤ አባታቸው እንዳደረጉት።

ላለማየት ሥራ እሰጥሻለሁ። እጅ ታስታጥቢያለሽ። ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ የያዘ ሰው ጣት እንጂ ፊት አያይም።

አሰለች

*

ሃምቡርግ
የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ አሰለች፣

በደኅና ገባን። እርስዎ ያን ዕለት ከምድጃው ጋር ስለነበሩ በእኔ በኩል የሆነውን አላዩም፤ ልንገርዎ።

እማዬ ባቄላውን ይዛ ከደጁ ስትደርስ ቆመች። ወይራውን አየች። ክቡን ቤት አየች። አቶ ደግሰው በር ላይ ቆመው «በማርያም ግቡ!» ሲሉ ጭንቅላቷን ወደ እኔ አዞረች፤ ዓይኗ እንደ ልጅ ሆኗል። «ምግብ ቤቱ» አለች። ሌላ አላለችም። ባቄላውን ሰጥታ ከማታውቃቸው ሴቶች መሐል ሄዳ ተቀመጠች፤ እኔን ረሳችኝ።

እኔ እንዳሉኝ እጅ አስታጠብኩ። ካህኑ ባረኩ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ እንጀራው ወጣ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ፣ ማንቆርቆሪያውን እንደ አውቶቡሴ መሪ በሁለት እጄ ይዤዋለሁ። አላየሁም። እንዴት እንዳላየሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ዙልፋ መጥታ ትከሻዬን ቸብ አድርጋ «ብትዞሪ በማንቆርቆሪያው ነው የምልሽ» አለችኝ።

ከኋላዬ አንድ ሰው አስነጠሰ። ደገመ። አንዲት ሴት «ይማርሽ፣ ሰናፍጩ ነው!» ስትል ሰማሁ። ሳቅ ሆነ። ማን እንደሆነ አላወቅኩም፤ ግን አልዞርኩም።

በልተው ሲጨርሱ ለማስታጠብ ዞርኩ። ከዳር ጀምሬ አንድ በአንድ፣ ዓይኔን መሬት ላይ አድርጌ፣ ጣት ብቻ እያየሁ። ቀለበቷን በክር ያሰርነውን ጣት አወቅኩት። ክሩ በስልጆ ተነክሯል። እጇ እስከ አንጓዋ እንጀራ ነው። ውኃውን ላፈስ ማንቆርቆሪያውን ሳዘነብል እማዬ ቀና ብላ ሳታየኝ፦

«ገና ነኝ፤ እለፊኝ» አለችኝ።

እትዬ፣ አለፍኳት። አልፌ ወይራው ጀርባ ሄድኩና ማንቆርቆሪያውን አቅፌ አለቀስኩ። ጋሽ ቢተው አይተውኝ ጭስ ነው ብለው ምድጃውን ተቆጡ።

እዚህም ከመጣን ወዲህ ትበላለች። ሁሉንም አይደለም፣ ግን ትበላለች። እኔም በመብላቷ ጊዜ ሳህን አጥባለሁ። ሲሸኙን የሰጡን ስልጆ እያለቀ ነው፤ በየቀኑ ክዳኑን ከፍታ ታሸተዋለች።

ከዚህ በታች ያለው የእማዬ ቃል ነው። እኔ ጻፍኩት እንጂ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩም።

«አሰለች እህቴ፣ እመቤታችን ዝክርሽን እንደተቀበለችልሽ እርግጠኛ ነኝ። ቤትሽም ገባሁ፣ አልጋሽም ላይ ተኛሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ልዋሽሽ አልችልም። እንጀራው ያው ነው፤ ኩምጣጤው ያው ነው። ሰናፍጩ አንሷል። ሁለቴ ብቻ ነው ያስነጠሰኝ። ለበሽተኛ ብለሽ ቀንሰሽ ነው አይደል? እኔ በሽተኛ አይደለሁም። የከርሞው ባቄላ በእኔ ነው፤ ጽዋው ሲዞር ለደግሰው ቃል ሰጥቼዋለሁ፣ ለሌላ እንዳትሰጪብኝ። ባንቺዓለም።»

ሰብሌ

*

ላሊበላ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ባንቺዓለም፣ ለልጄም ለሰብሌ፣

ዕድሜና ጤና በላይ በላዩ ይደረብላችሁ።

ደብዳቤውን ዙልፋ ሱቅ በር ላይ ቆሜ አነበብሁት። «ሰናፍጩ አንሷል» የሚለው ላይ ስደርስ እልል አልሁ። ገበያተኛው ዞሮ አየን። ዙልፋ «ወጥሽ ጎደለ ስትባል እልል የምትይ አንቺ ብቻ ነሽ!» አለችኝ። ደግሰውን ከበቅሎው ላይ አስወርጄ አነበብሁለት፤ «እናቴንም እንዲሁ ይሏት ነበር፣ እሷ ግን ትቆጣ ነበር» አለ።

እውነት ነው እትዬ፣ ቀንሻለሁ። አንድ እፍኝ ይዤ ከድስቱ በላይ ቆሜ፣ ምላስዎን ፈርቼ ግማሹን መለስሁት። ሁለተኛ አይለምደኝም።

ወርቅአገኘሁ ቤት በየዓርቡ እንበላለን፤ አሁን እኔንም «የተለመደው ቦታሽ» ትለኛለች። ይታገሱ፣ ያ የሆቴሉ ልጅ፣ ዝክሩን ሰምቶ «እንግዶቼን ይዤ ልምጣ?» አለኝ። «ይምጡ» አልሁት፤ «በዋናው በር ነው።»

ባቄላዎን ለማንም አልሰጥብዎም። ቢተው ከቤታችን ጓሮ ድንጋዩን ለቅሞ አንድ ጥግ አጽድቶልኛል፤ ክረምቱ ሲገባ ሰናፍጭ እዘራበታለሁ። ለከርሞው ጥር ማርያም ሦስት ጊዜ ካላስነጠሰዎት፣ እኔ አሰለች አልባልም።

እህትዎ አሰለች